ጨው፣ ዳገትና የደነደነ ልብ

ጨው ኢሉባቦር የገባው ከደም ግፊት መለኪያ በብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። ከአፋር የጨው ሜዳ ተጠርቦ፣ በግመል ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያ በአህያና በበቅሎ እየተቀባበለ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው አሞሌ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይንራል፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ሲዞር ይህንኑ ታዝቦ ጽፏል። በአሞሌ ጉዞ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ጨውን የሚያየው እንደ ብር ነው። ወዳጅ ወዳጁን ሲያገኝ ቁራጭ አውጥቶ ያስልሰዋል እንጂ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ወጥ ውስጥ አይሞጅረውም።

የዚህ ትረካ ሁለተኛው ጫፍ ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 በጋይ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ብራይት ኩላሊታቸው ታምሞ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲከፍት አንድ ነገር ደጋግሞ አየ። የልባቸው ቫልቭ ደኅና ነው፤ የግራው የታችኛው ጓዳ ግድግዳ ግን ወፍሯል። ደም ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው ይህ ጓዳ ነው። ቫልቭ ሳይጠብ ይህ ጡንቻ ለምን ደነደነ? ብራይት ደሙን በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ለማሳለፍ ልብ ከወትሮው በላይ እየታገለ መሆን አለበት ብሎ ገመተ። ግፊትን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም። ግምቱ ግን ትክክለኛው ሥፍራ ላይ አርፏል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ጣልቃ ይገባል። «ልበ ደንዳና» የምንለው እንደ ፈርዖን አልሰማ ያለውን ሰው ነው። ጀግናውን ደግሞ «ልበ ሙሉ» እንላለን። ቋንቋው ስለ ጠባይ እንጂ ስለ ሥጋ አልተናገረም፤ ሁለቱን ቃላት ግን ጎን ለጎን አኑሯቸው፤ ወደ ኋላ ያስፈልጉናል። የደነደነ ልብ ችግሩ ሙሉ መሆን አለመቻሉ ነውና።

በ1888 ዓ.ም. የካቲት አድዋ ላይ ጣልያን ድል ተመታ። ቁስለኛ የሚያክም የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ መጣ፤ አብሮት የመጣው ወጣት መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ቡድኑ ሲመለስ ቀረና ፈረሱን ወደ ምዕራብ አዞረ። የዚያን ጊዜ የኢሉባቦር ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ነበሩ፤ መቀመጫቸው ጎሬ። ቡላቶቪች እስከ ባሮ ወንዝ ዘልቆ ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። እሱ በእነዚያ ጫካዎች ውስጥ በሚጓዝበት ወራት፣ አድዋ ላይ በተሸነፈችው አገር፣ ቱሪን ከተማ ውስጥ አንድ ሐኪም የብስክሌት ካላማዳሪ፣ የቀለም ብልቃጥና ሜርኩሪ አገጣጥሞ ክንድ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሠራ። ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ይባላል። ዛሬ በኢሉባቦሯ መቱ ከተማ ውስጥ ነርሷ ክንድ ላይ የምትጠቀልለው ጨርቅ የዚያ ካላማዳሪ ልጅ ነው።

የሪቫ ሮቺ መሣሪያ የሚናገረው የላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር፤ ልብ ሲጨመቅ የሚነሣውን። የታችኛውን ቁጥር የሰጠን ሩስያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሴንት ፒተርስበርግ የጦር ሕክምና አካዳሚ ተነሥቶ፣ ጨርቁ ሲላላ የማዳመጫውን ጆሮ ክንድ ላይ ብታሳርፉ ድምፅ ይመጣል፣ ቆይቶ ይጠፋል፣ የጠፋበት ቁጥር ዝቅተኛው ግፊት ነው አለ። ነገሩ አንድ ገጽ እንኳ በቅጡ የማይሞላ ንግግር ነበር። ያ የታችኛው ቁጥር ልብ በሚያርፍበት ጊዜ በደም ሥር ውስጥ የሚቀረው ግፊት ነው። ስለዚህ ሕክምና የልብን ዕረፍት ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ የጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ የሰማው የደም ሥሩን እንጂ ልቡን ራሱን ባይሆንም።

ጎሬ በዚህ መካከል ሌላ ጨው አገኘች። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም ይወጣል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይወርዳል። ከጋምቤላ ቆላ ወደ ጎሬ ደጋ ዳገቱን የሚወጣው የበቅሎ ጭነት ኢሉባቦርን የንግድ አገር አደረጋት። ከአፋር እየተቀባበለ አልቆ የሚደርሰው አሞሌ ቀስ በቀስ ለሱዳን ጨው ቦታ ለቀቀ። ቡናን በጨው መጠጣት የምዕራቡ ልማድ ነው፤ ዛሬም ኢሉባቦር ገጠር ሲኒው ውስጥ ስኳር ጠብቆ ጨው ያገኘ እንግዳ ፊቱን ያኮሳትራል። (ሁለተኛውን ሲኒ ግን ብዙዎች አይመልሱም።) ጨው ሲረክስ ቁንጥሩ እፍኝ ይሆናል። ጨው ውኃ ይይዛል፤ ኩላሊት ማስወገድ ያቃተው ጨውና ውኃ ደሙን ያበዛዋል። ሕዝቡ በሽታውን «ደም ብዛት» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። የኦሮምኛው ስም ደግሞ ሌላውን ፊቱን ያሳያል፤ «ዺባ ዺጋ»፣ የደም ግፊያ ማለት ነው። አንዱ መንሥኤውን ሌላው ውጤቱን የሰየሙ ይመስላል። እርግጥ ደም ግፊት የጨው ልጅ ብቻ አይደለም፤ ዘርም ዕድሜም ኩላሊትም ክብደትም አለበት።

ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው በስትሮክ ተደጋግመው ተመቱ፤ አንደበታቸው ተያዘ። በ1901 ዓ.ም. የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው አገር የመምራቱ ሥራ የወደቀው የኢሉባቦሩ ጌታ፣ ራስ ተሰማ ናደው ላይ ነበር። የአንድ ሰው የጭንቅላት ደም ሥር የጎሬን ገዥ ቤተ መንግሥት አስገባ። ራስ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚያ ወዲያ ጎሬ የአገር ዋና ከተማ የሆነችበት አጭር ጊዜ አለ። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ በጣልያን ወረራ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲሰደዱ ጊዜያዊ መንግሥት ጎሬ ላይ ቆመ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሩት፣ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው መጡ። ነቀምት ላይ የሆለታ ካዴቶችና ከውጭ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የሚል ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሊቀመንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ከራስ እምሩ ጋር ተቀላቅለው ተዋጉ፤ ኅዳር 1929 ጣልያን ጎሬ ገባ፤ ታኅሣሥ ላይ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ሰጡ። ከእነዚህ ልበ ሙሉዎች መካከል ብዙዎቹ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ተረሸኑ። ስማቸውን የሚጋራው ሆስፒታል ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ከመቱ በሪፈር የሚላክ የልብ ሕመምተኛ መንገዱ መጨረሻ እዚያ ሊሆን ይችላል።

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ከስደት የተመለሱት አፄ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው የሚያስታውሰው የሩዝቬልትን ገጽታ ነው፤ ጉንጩ ጎድሏል፣ ዓይኑ ዙሪያ ጠቁሯል። በመርከቧ ላይ አብሮት የነበረው የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን ምክንያቱን ያውቅ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ሲመረምረው ግፊቱን 186 በ108፣ ልቡን ሰፍቶ፣ ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ሲያጥረው አግኝቶታል። ዲጂታሊስ አዘዘ፣ ጨው ቀነሰ፣ የአልጋው ራስጌ ከፍ እንዲል አደረገ። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ብዙም አልነበረም። የዘመኑ ሐኪሞች ከፊላቸው እንዲያውም ከፍተኛ ግፊትን ጠባብ የደም ሥር የሚያስፈልገው አድርገው ያዩት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሩዝቬልት በድንገት ራሱን ሳተ፤ ግፊቱ ከ300 በላይ ነበር፤ የጭንቅላት ደም መፍሰስ ገደለው። ብሩን ዝርዝሩን ያሳተመው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ጤነኛ ነው ተብሎ መነገሩ የአንድ አገር ልማድ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1948 ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ 5,209 ሰዎችን እስከ ዕድሜ ልክ የመከታተል ጥናት ተጀመረ። ግፊት እንደማይጠቅም፣ የልብ መወፈርም ከግፊቱ ቁጥር በላይ የሞት ምልክት እንደሆነ ያስረገጠው ይህ ጥናት ነው። ግን ሕያው ሰው ውስጥ ያለ ግድግዳ ውፍረት በምን ይለካል? መልሱ ከመርከብ ሠሪዎች መጣ። ስዊድናውያን ኢንጌ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ ማልሞ የመርከብ ግቢ ውስጥ ብረት ተሰንጥቆ እንደሆነ በድምፅ ሞገድ የሚመረምር መሣሪያ አዩ፤ ተበድረው ሉንድ ወሰዱትና እ.ኤ.አ. በ1953 ጥቅምት መጨረሻ የሰው ደረት ላይ አሳረፉት። ከልብ ግድግዳ ተመልሶ የመጣው ማሚቶ ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። ዛሬ «ኤኮ ታዘዘልኝ» የምንለው የዚያ ማሚቶ ስም ነው። ጤናማው የግራ ጓዳ ግድግዳ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሴቶች ላይ ትንሽ ያንሳል። ከዚያ ሲያልፍ ልቡ ደንድኗል።

መደንደኑ መጀመሪያ ላይ ጥበብ ነው። ግፊት የበዛበት ግድግዳ ሲወፍር ሸክሙ ለብዙ ጡንቻ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዷ ክር የሚደርሳት ጫና ይቀንሳል። ቡና የሚሸከም ሰው ትከሻው እንደሚጠነክር ማለት ነው። ዕዳው ግን በሌላ በኩል ይመጣል፤ ያንን ዕዳ ለማየት ደግሞ መላላት ራሱ ምን እንደሆነ መታወቅ ነበረበት።

ሰው ሁሉ፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ልብ ሲጨመቅ ይሠራል፣ ሲላላ ያርፋል ብሎ ያስብ ነበር። ይህን ካፈረሱት አንዱ ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጡንቻን ምሥጢር በካልሲየም ፈታው። ጡንቻ የሚጨመቀው ካልሲየም ከጎተራው ሲለቀቅ ነው፤ የሚላላው ደግሞ ካልሲየሙ ተለቅሞ ወደ ጎተራው ሲመለስ። መልቀቁ በር እንደ መክፈት ነው፤ መልቀሙ ግን ጉልበት ይበላል። ሬሳ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጡንቻው ለመላላት የሚከፍለው ጉልበት አልቆበታል። እንግዲህ ልብ ለማረፍ መሥራት አለበት።

የወፈረው ጡንቻ ላይ ይህ ሥራ ይጓደላል። ክሮቹ ሲደነድኑ ቀጫጭኑ የደም ሥሮች እኩል አይበዙላቸውም፤ ቀለብ ያጥራል፤ ካልሲየሙ ቶሎ አይለቀምም፤ የልብ መላላት ይዘገያል። በዚያ ላይ በጡንቻው መሐል ጅማት የመሰለ ጠንካራ ድር እየተጎነጎነ ግድግዳው እንደ አዲስ ጫማ ቆዳ ይገትራል። መዘግየቱ አንድ ነገር ነው፣ ግትርነቱ ሌላ፤ «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በዚያው አሥር ዓመት ኤልድሪድ ፓሪ የተባሉ ብሪታንያዊ ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያውያንን የልብ ሕመም ዓይነት ማጥናት ጀመሩ፤ በደረት ራጅ ሕመምተኛን ፈልጎ ስለማግኘት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጣ። ራጅ ግን የልብን ጥላ ስፋት እንጂ የግድግዳውን ውፍረት አያሳይም፤ ወደ ውስጥ የወፈረ ልብ በራጅ ደኅና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ለኢሉባቦር ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ደግሞ የዘመኑ ጭንቀት ወባውና ዓይን የሚያሳውረው የኦንኮሰርካ ትል ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የኢሉባቦር ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ወረደ። «ወረደ» ያልሁት በከፍታም ነው። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ጭጋግ ለብሳ ተቀምጣለች፤ መቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ ከሶር ወንዝ አጠገብ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በሲሲ ፊልሞች ላይ ወጣቱን የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት የተጫወተው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም። በቴሌቪዥን ተወራርዶ ከተመልካች 1.2 ሚሊዮን ማርክ ሰበሰበና «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። መጀመሪያ ሐረርጌ፣ ኤረር ሸለቆ፣ በኋላም ኢሉባቦር። የመቱ ሆስፒታል ዛሬም «መቱ ካርል» ይባላል። ፊልም ላይ ዘውድ የደፋ ሰው በቆላና በጫካ አገር የሆስፒታል ስም ሆኖ መቅረቱን ሳስብ የሚገርመኝ ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች ፊልሙን አላዩትም።

በም ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ትሮንድሃይም፣ ኖርዌይ ውስጥ ሊቭ ሃትሌ የተባለች ሐኪም የልቡን ማሚቶ ወደ ደሙ ካዞሩት አንዷ ሆነች። የሚሮጥ ደም የሚመልሰው ድምፅ ይቀየራል፤ ከለውጡ ፍጥነቱ ይሰላል። ደም ከላይኛው ጓዳ ወደ ታችኛው ሲወርድ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጉብታ ይታያል። የመጀመሪያው ታችኛው ጓዳ ተላልቶ ደሙን ሲስብ የሚወጣው ነው፤ ሁለተኛው የላይኛው ጓዳ በመጨረሻ ተጨምቆ የቀረውን ሲያንቆረቁር። ጤነኛ ወጣት ላይ የመጀመሪያው ይበልጣል። ልብ ደንድኖ መላላት ሲዘገይ የመጀመሪያው ያጥራል፣ ሁለተኛው ይረዝማል፤ የላይኛው ጓዳ የታችኛውን ስንፍና ይሸፍናል። ሕመሙ ሲብስ ግን ተንኮል አለ። የላይኛው ጓዳ ግፊት ስለሚወጣ ደሙ ተገፍቶ ይገባል፣ የመጀመሪያው ጉብታ እንደገና ያድጋል፣ ሥዕሉ ጤነኛ ይመስላል። ሐኪሞች ሐሰተኛ ደኅንነት ይሉታል፤ ለማጋለጥ የግድግዳውን የራሱን እንቅስቃሴ መለካት ያስፈልጋል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሌላ ግርምት ተከተለ። የልብ ድካም ይዟቸው ሳንባቸው ውኃ ካቆረ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የልባቸው የመግፋት አቅም ደኅና ሆኖ ተገኘ። በጥሩ ጉልበት ይገፋል፤ የሚገፋው ግን በቅጡ ያልሞላ ነው። ልበ ሙሉ ያልሆነ ልብ።

እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ከመቱ ወደ ጎሬ ዳገት ይውጣ እንበል። ቁጭ ሲል ልቡ በደቂቃ 75 ጊዜ ቢመታ ለእያንዳንዱ ምት 0.8 ሰኮንድ አለው፤ ከዚያ ግማሽ ሰኮንድ ያህሉ የመሙያ ጊዜ ነው። ዳገቱ ምቱን ወደ 150 ሲያደርስ የመሙያው ጊዜ ወደ 0.2 ገደማ ይኮማተራል። ለሚዘገይ ጡንቻ ይህ ጊዜ አይበቃም። ደሙ ወደ ላይኛው ጓዳ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሰውየው ቆሞ ያለከልካል። ሌሊት ሲጋደም እግሩ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ወደ ደረቱ ይመጣና አፍኖ ያስነሣዋል። ለዓመታት የተለጠጠው የላይኛው ጓዳ ደግሞ አንድ ቀን ምቱ ተዛብቶ መጨመቁን ቢተው፣ ያ ሁለተኛው ጉብታ ይጠፋል፤ ትናንት ዳገት የወጣ ሰው ዛሬ ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ላይፍ የተባለ ጥናት ልባቸው የደነደነ 9,193 ሰዎችን ይዞ ነበር። ሎሳርታን የወሰዱት ከአቴኖሎል ተጠቃሚዎቹ ይልቅ ልባቸው ሳሳ፤ ስትሮክም አነሰባቸው። መደንደን እንግዲህ ከፊሉ የሚመለስ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. አገራችን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ አስገደደች፤ እንቅርት ለከበደው ደጋ ትልቅ ነገር ነው፣ ጨውን ግን እንደ መድኃኒት አስቆጠረው። በ2004 ዓ.ም. መቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀበለ። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከ100 ወደ 16ቱ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የቀን ጨው 8.3 ግራም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው 5 ግራም በብዙ የራቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለስኳር ሕመም የተሠራው ኢምፓግሊፍሎዚን በደኅና እየገፋ መሙላት ላቃተው ልብ የሆስፒታል ምልልስ እንደሚቀንስ ታየ። ርካሾቹ የግፊት እንክብሎች፣ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት ቢዋጡ ኖሮ ልቡ እዚህ ባልደረሰ ነበር። ደም ግፊት አያምም፤ የማያምም በሽታ መድኃኒት ሲሻልህ የሚቆም ይመስላል።

ሐኪም ጋር አንዲት አሮጊት ገብተው ተቀመጡ እንበል። ጎሬ ገበያ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ቆመው መተንፈስ ጀምረዋል። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለካ፣ ደረታቸውን አዳመጠ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን በጣቱ ተጫነ።

«ሃርሜ፣ በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?»

«በሦስት።»

እንክብሉን ጻፈላቸው። ስለ ጨውም ነገራቸው፤ ስለ ወጡ እሺ አሉ። ቡናው ላይ ሲደርስ ሳቁበት፤ ጨው የሌለው ቡና ምኑ ቡና ነው አሉት። በሁለተኛው ወር ሲመለሱ ስለ ቡናው አልጠየቃቸውም።

«ሃርሜ፣ ትራሱስ?»

ሁለት ጣታቸውን አሳዩት። ካርዱ ላይ ጻፈው።